የሽቦ እጀታ ያለው ኩባያ

የበደለችኝ የወንድሜ ሚስት ዘነበች ናት። የበደለችኝ ወለንጪቲ ውስጥ፣ እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ እሷ ደግሞ የአሥራ ሰባት ዓመት እናት ሳለን ነው። አሁን ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ይህን የምጽፈው ስሟን ለማጥፋት አይደለም፤ ለዚያማ አርባ ሰባት ዓመት ነበረኝ። የምጽፈው ባለፈው በጋ አዳማ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ የሆነው ነገር ከዓይኔ ስላልጠፋ ነው። አንዳንድ ቀን በሕልሜ ያየሁት ይመስለኛል።

አስቀድሜ በደሉን ልናገር።

እናትና አባቴ ሲሞቱ የወሰደኝ ወንድሜ ተፈራ ነው። የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ዘነበችን አግብቶ የመጀመሪያ ልጃቸው ትርሲት ስትወለድ የዘነበች ጡት ቶሎ ነጠፈ። ስለዚህ በየማለዳው ከከብት አርቢዎቹ ሴቶች ለሕፃኗ ወተት ይገዛ ነበር። ወተቱ የሚቀመጠው በአንድ ኩባያ ነው። ነጭ ቅብ የቆርቆሮ ኩባያ፣ ከንፈሩ ሰማያዊ። እጀታው ወልቆ ስለነበር ወንድሜ ከሥራ ቦታው ባመጣው ወፍራም ሽቦ ጠምዝዞ ሌላ እጀታ ሠራለት። ኩባያው የሕፃኗ ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ውሃ እንኳ አይጠጣበትም።

አንድ ቀን ኩባያው ባዶውን ተገኘ። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ዘነበች ልጇን ታቅፋ ወንድሜ ፊት ቆመችና፣ «እህትህ የልጅህን ወተት እየጠጣችው ነው» አለችው።

አልጠጣሁም። አልጠጣሁም ብዬ ተናገርኩ። ወንድሜ አልመታኝም፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ሲያናግረኝ ዓይኔን ማየት ተወ። በወሩ አዳሚ ቱሉ ለሚኖር የእርሻ ሠራተኛ ቤት፣ ልጅ ጠባቂ አድርጎ ሰደደኝ። ስድስተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ቀረሁ።

ትርሲት አድጋ ስትዳር፣ ሠርጓ ላይ «ወተቴን የጠጣሽብኝ አክስቴ፣ መጣሽልኝ?» ብላ ስትስመኝ ድንኳን ሙሉ ሰው ሳቀ። ነገሩ የቤተሰብ ጨዋታ ሆኖ ኖሯል። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ወንድሜ ግን አልሳቀም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሞተ፤ እንዳመነ ሞተ። ከአርባው በኋላ ከዘነበች ጋር ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጥንም። ሁለታችንም የምንኖረው አዳማ ነው፤ በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ወደ ባለፈው በጋ ልምጣ። አንዲት ወጣት በሬን አንኳኳች። ሐዊ እላታለሁ፤ ትክክለኛ ስሟ አይደለም። የዘነበችን ስም ግን አልቀየርኩም። ልጅቷ ከእሷ የሚከብድ ቦርሳ ተሸክማለች።

«አካም ጅርቱ፣ እማማ!»

«ፈያ። ምን ፈልገሽ ነው?» አልኳት፣ በሩን ገርበብ አድርጌ።

የሴቶች አመጋገብ ከጡት ካንሰር ጋር ይያያዝ እንደሆነ የሚያጠኑ ሰዎች ልከዋት እንደመጣች ነገረችኝ። የታመሙት ሴቶች ምን ሲበሉና ሲጠጡ እንደኖሩ ይጠየቃሉ። ለእያንዳንዷ ታማሚ ደግሞ በዕድሜ የምትቀርባት፣ ያልታመመች አንዲት ሴት ትጠየቃለች። ከዚያ የሁለቱ ምግብ ጎን ለጎን ይታያል።

«ታዲያ እኔ ጋ ማን ላከሽ?»

«አንዷ ታማሚ ናት። በዕድሜ የምትቀርብሽ፣ የምታውቂያት ጤነኛ ሴት ጥሪልን ስንላት የእርስዎን ስም ጠራች።»

«ማን ናት?»

«እሱን መናገር አልችልም። የእርስዎንም መልስ ለእሷ አልነግርም።»

«ጤነኛ መሆኔንስ በምን አወቀች?»

ሐዊ ሳቀች። «እሱን እንግዲህ እርስዎ ይንገሩኝ።»

የእድራችንን ሴቶች አንድ በአንድ አሰብኳቸው። ማን ነው ታሞ የደበቀን? አንዷን ጠረጠርኩ፤ ሌላዋንም ጠረጠርኩ። ዘነበች በሐሳቤ ዝር አላለችም።

«ባልፈልግስ?» አልኳት።

«መብትዎ ነው። ብቻ እርስዎ ከተዉት ያቺኛዋም ትወጣለች። ጥንድ ነው የምንመዘግበው። የነገረችን ሁሉ አብሮ ይቀራል።»

ይህን ሳላስበው ያዝኩት። ሰው የያዘውን ነገር ጥቅም ወዲያው አያውቀውም። በሩን ከፈትኩላት።

በረንዳው ላይ፣ የልብስ ስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀመጥን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም ነበር፤ የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮውን የምታስጮህበት ሰዓት። ነፋሱ አቧራውን ከአንዱ ግቢ አንሥቶ ወደ ሌላው ያደርሳል። ሐዊ ከቦርሳዋ የጽሕፈት ሰሌዳ፣ መስመር ያለው የመለኪያ ማሰሮ፣ ትንንሽና ትልልቅ ማንኪያ፣ የእንጀራ ቁራሽ በየልኩ የተነሣበት የፎቶ ደብተር አወጣች። ከእኔ ደግሞ የምበላበትን ሳህንና የምጨልፍበትን ጭልፋ ጠየቀች።

«አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ፣» አለችኝ። «ትናንት ከእንቅልፍዎ ከነቁበት ይጀምሩ። አይቸኩሉ። አፍዎ የገባውን ሁሉ እየሄዱ ይንገሩኝ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ድምፅዋ ለስላሳ ነው። ትናንትን እንደ ሰው ቤት ገባሁበት። ጠዋት ሻይ፤ ስኳሩ ሁለት ማንኪያ። የተረፈ ዳቦ፣ ግማሹ። ምሳ ሽሮ። የሽሮውን ልክ ሳሳያት በሳህኔ እስከዚያ ልክ ውሃ ሞላች፤ ውሃውን በማሰሮዋ ለካች፤ ጻፈች። በሕይወቴ ሽሮዬን ያን ያህል ከቁም ነገር የቆጠረልኝ ሰው አልነበረም።

«ከስንት ሰው ጋር ነው የበሉት?»

«ብቻዬን።»

«እፎይ! ገላገሉኝ፣» አለች። «ከአንድ ትሪ አምስት ሰው ሲበላ የማን ድርሻ የቱ ነው እያልኩ ላብድ ነው። ጉርሻው ደግሞ አለ!»

«ጉርሻም ይቆጠራል እንዴ?»

«ሥራችንን የሚያበላሸውማ ጉርሻ ነው፣ እማማ! ሴትየዋ ምንም አልበላሁም ትላለች፤ ጎረቤቷ አምስት ጊዜ አጉርሳታለች።»

ክፉ አስባ አይደለም። ግን ባሌ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን በመብላቴ ደስ ያለው ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ካለፈው ሳምንት ወዳለፈው ዓመት፣ ከጾሙ ወደ ፍስኩ እያለች ቆይታ፣ «አሁን ሩቅ ልንሄድ ነው» አለችኝ። «የአሥራ ሦስት፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳሉ ወደነበሩበት ቤት ይግቡ። በሩ በየት በኩል ነው? ማድቤቱስ? ቀስ ብለው ይግቡና የሚበላውን ይዩልኝ።»

ገባሁ። እንዴት በቀላሉ እንደገባሁ አላውቅም። የቦሰት ተራራ በሙቀቱ ውስጥ ሰማያዊ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ባቡሩ ከሩቅ ይጮሃል። ሐዲዱ ዳር ያለችው ቤታችን በሯ ክፍት ነው። ማድቤቱ ውስጥ የማሽላ እንጀራ ሽታ አለ። የበቆሎ ንፍሮ አለ። መደርደሪያው ላይ ኩባያው በሳህን ተከድኖ ተቀምጧል። የሽቦው እጀታ ወደ እኔ ዞሯል።

«ንፍሮ፣» አልኩ። «ማሽላ። ሽሮ።»

«ወተትስ?»

ነፋሱ የጎረቤትን በር ሲያላትም ይሰማኛል።

«ወተት በየቀኑ፣» አልኳት።

«በየቀኑ? ምን ያህል?»

«አንድ ኩባያ።»

ዓይኔን ስገልጥ ሐዊ ብዕሯን አንሥታ እያየችኝ ነበር። «እርግጠኛ ነዎት?»

«ጻፊ ነው ያልኩሽ።»

ጻፈች።

ለምን እንደዋሸሁ እናገራለሁ። እኛ ሰዎች ለእንግዳ ራበኝ አንልም። ሆዳችን እየጮኸ «በልቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ» ነው የምንለው። እኔ በዚያ ቤት ሳለሁ ጎረቤት ሁሉ ሲጠይቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ነበር። ሌላም ምክንያት አለ። አልጠጣሁም የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ ተናግሬው ማንም አላመነኝም። ሁለተኛ ላወጣው አልፈለግሁም።

ሐዊ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሳ ያንኑ ጥያቄ እንደምትጠይቀኝ ነገረችኝ፤ መልሱ ይገጥም እንደሆነ ለማየት ነው። ሄደች። እኔ ግን ከዚያ ቤት ቶሎ አልወጣሁም። ልብስ ስሰፋ፣ ገበያ ስሄድ፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ስል እዚያው ነኝ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ ባቡሩ በሰፈራችን መሐል ሲያልፍ አየሁ። ወንድሜ በመስኮት ቆሟል። ስጠራው ወደ ተራራው ያያል። ባቡሩ ድምፅ የለውም፤ አቧራ ብቻ ነው የሚያስነሣው። ስነቃ የበረንዳው በር ተከፍቶ ቤቱ አቧራ ለብሶ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሐዊ መጣች። ከሌላ ቤት እየሮጠች የመጣች ይመስል ላብ አጥምቋታል። ውሃ ሰጠኋት። ቦርሳዋን ከፍታ ዕቃዋን መደርደር ጀመረች፤ ማሰሮው፣ ማንኪያዎቹ፣ ደብተሩ። ከዚያ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣችና ጋዜጣው ተንሸራቶ ወደቀ።

ኩባያው ነው።

ቅቡ ብዙ ቦታ ተልጧል። ሰማያዊው ከንፈሩ ግን አለ። ሽቦውም አለ፤ ወንድሜ ጫፉ እጅ እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ያጠፈው እንዳለ ነው። እንዲህ ያለ ኩባያ በዓለም ላይ ሌላ የለም።

«ውይ፣ ይህ የሌላ ቤት ነው፣» አለች ሐዊ። «ልለካበት ተውሼው ሳልመልስ ቀረሁ።» ልታነሣው እጇን ስትሰድድ እጄን ኩባያው ላይ ጫንኩ።

«ከማን ቤት?»

ፊቴን አየች። የሷም ፊት ተለወጠ። «እማማ... እባክዎ።»

«ዘነበች ናት የታመመችው?»

«መናገር አልችልም። በእግዚአብሔር፣ እማማ፣ ሥራዬን አጣለሁ።»

«አትንገሪኝ። ምስጢር መያዝ እኔን አታስተምሪኝም።»

መናገር አላስፈለጋትም። ዘነበች በዚህ ኩባያ ውሃ ጠጥታ አታውቅም፤ ያኔ ለሕፃኗ ወተት እንጂ ለሌላ የሚነካው ሰው አልነበረም። ሐዊ ለእሷም «በወጣትነትሽ ወተት ትጠጪ ነበር?» ብላታለች። ይህን ኩባያ አውጥታ «በዚህ» ያለች ሴት አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረችው፤ የልጇን ወተት ራሷ እንደጠጣችው። ለወንድሜ ያልተናገረችውን፣ ለልጇ ያልተናገረችውን፣ ለማታውቃት ልጅ ተናግራለች። ስሜን የጠራችውም እሷ ናት።

ኩባያውን ይዤ ተነሣሁ። ከእንስራው ውሃ እስከ አፉ ሞላሁት። ውሃውን ራሴ ወደ መለኪያ ማሰሮዋ ገለበጥኩትና መስመሩን እንድታነብልኝ ጠየቅኋት።

«ከሩብ ሊትር ትንሽ ያልፋል፣» አለች በቀስታ።

ከሩብ ሊትር ትንሽ የሚያልፍ። ሦስት ቀን። በዚህ ነው ወንድሜን ያጣሁት።

ተቀመጥኩ። ነፋሱ ቆሞ ነበር። መንገድ ላይ የሚያልፍ ባጃጅ ድምፅ ከውሃ ሥር እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማኛል። ያኔ ሐዊ በመጀመሪያው ቀን ያለችኝ ትዝ አለኝ።

«እኔ ከተውኩት ያቺኛዋ የተናገረችው ሁሉ ይቀራል ብለሽኝ አልነበር?»

«አዎ።»

«አሁንም መተው እችላለሁ?»

«ይችላሉ።» ዓይኗ እንባ ሊያመጣ ነው። «በማንኛውም ሰዓት።»

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ለአፍታ ብቻ። ዘነበች አርባ ሰባት ዓመት ቆይታ አንድ ቃል አወጣች፤ ያንን ቃል እኔ በአንድ እምቢታ ላስቀረው እችላለሁ። እሷ የእኔን ቃል እንዳስቀረችው። ግን ሰሌዳው ላይ ያለውን ሳስበው፣ ዘነበች እውነቱን ተናግራለች፣ እኔ ደግሞ በዚያ ወረቀት ላይ ያንን ወተት ጠጥቻለሁ። በገዛ አፌ። አንድ ቀን ሰው ሁለታችንን ጎን ለጎን ሲያየን ሌባዋ ጠጥቻለሁ ትላለች፣ ያልሰረቀችውም ጠጥቻለሁ ትላለች። እንደዚያ ተጽፎ እንዲቀር አልፈለግሁም።

«ጠይቂኝ፣» አልኳት።

ዓይኔን ሳልጨፍን ሁሉንም መለስኩ። ወተት ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ቀነሰ።

«በዚያ ዕድሜዎ ወተት?»

«አልጠጣሁም። አንድም ቀን።»

«ባለፈው ግን በየቀኑ ብለውኝ ነበር።»

«ዋሽቼሽ ነው።»

ሐዊ አፍንጫዋን ጠረገች። «ብዙ ሰው ይዋሻል፣ እማማ። ግን አብዛኛው የሚዋሸው ሥጋ ላይ ነው።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ የቀድሞውን አስተካክላ «አልጠጣችም» ብላ ጻፈች። ስትጽፍ አየኋት። አልጠጣሁም ስል ያመነኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። ኩባያውን በጋዜጣው ጠቅልዬ መልሼ ሰጠኋት።

ቅዳሜ፣ የፍስክ ወቅት ነበር፣ ግማሽ ሊትር ወተት ገዝቼ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ቤቱን ለባለባጃጁ ማሳየት የምቸገር መስሎኝ ነበር፤ ግን በሩ ጋ ስደርስ አሥራ አንድ ዓመት ያልሄድኩበት አልመሰለኝም። የከፈተችልኝ ትርሲት ናት። እናቷን ልታስታምም መጥታለች። አየችኝና አፏን ይዛ ቆመች።

ዘነበች ግቢው ውስጥ፣ ከኒም ዛፉ ሥር ተቀምጣለች። ሰውነቷ ከስቶ የአሥራ ሰባት ዓመቷን አህሏል። ሻሿ ግንባሯ ድረስ ወርዷል፤ ፀጉር እንደሌላት ያስታውቃል። የቅጠሉ ጥላ ፊቷ ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል።

«መጣሽ፣» አለችኝ።

«ኩባያሽ ተመለሰልሽ?»

ዓይኗን ጨፈነች። እንዳወቅሁ የገባት ያኔ ነው። «ትናንት ተመለሰ።»

ትርሲት አንዴ እሷን አንዴ እኔን ታያለች። «የምን ኩባያ ነው?»

«ንገሪያት፣» አልኩ።

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

ዘነበች ነገረቻት። ብዙ አልፈጀም። «ወተትሽን የጠጣሁት እኔ ነኝ፣ ትርሲቴ። አክስትሽ አይደለችም። ርቦኝ ነበር። ከወለድኩ ጀምሮ ሆዴ አልሞላ ብሎ ነበር። እናት የልጇን ወተት ጠጣች ከምባል ብዬ በእሷ ላይ አደረግሁት።» ወደ እኔ ዞረች። «ለተፈራ ልነግረው ስል ዓመት አለፈ። ከዚያ ሌላ ዓመት አለፈ።»

«ከዚያ ሞተ፣» አልኩ።

«ከዚያ ሞተ፣» አለች።

ትርሲት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ለሠርጉ ቀን ጨዋታ። እሷን ይቅር አልኳት። ዘነበች ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ይቅር አላልኳትም። ዛሬም ቂሜ አልወጣልኝም። የያዘው ቦታ ግን ጠቧል፤ ከእሱ ጎን ሌላ ነገር ማስቀመጥ ይቻላል። ወለንጪቲን በሕልሜ ሳያት ባቡሩ አሁን ይቆማል። ወንድሜ ይወርዳል አልልም፤ ይቆማል ብቻ።

ማድቤት ገብቼ ወተቱን አፈላሁ። ኩባያውን መደርደሪያው ላይ አገኘሁት። ሞልቼ ሰጠኋት። ቀስ እያለች፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ እስከ መጨረሻው ጠጣች፤ እኔ እስክትጨርስ አጠገቧ ቆምኩ። ከዚያ ኩባያውን ተቀበልኳት። አጠብኩት፣ በነጠላዬ ጫፍ አደረቅሁት፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መልሺ ያለኝ የለም።